የተቀባው ጉድጓድ

ቀቢው ሚስቱን ለሦስተኛ ጊዜ ያገኛት አውቶቡሶች የሚዞሩበት ሜዳ ላይ፣ አንድ ጫማዋን የት እንደጣለችው ሳታውቅ፣ ተሳፋሪ ስታስተካክል ነው። «ወደ ውስጥ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ በር ላይ አትቁሙ» ትላለች። በርም ውስጥም የሚባል ነገር የለም፤ ሜዳ ነው። ሰዉ ግን ይጠጋል። ሃያ ስድስት ዓመት አውቶቡስ ላይ ትኬት ስትቆርጥ የኖረች ሴት ድምፅ እንኳን ሰው ግንብ ያስጠጋል። ባዶ እግሯ ተሰንጥቆ ደም አዝሏል፤ እሷ አላወቀችውም። ክንዷን ሲይዛት ቀና ብላ አየችውና፣ «ዥንጉርጉር፣ ዛሬም አረፈድክ» አለችው።

ይህን ስም ያወጣችለት እሷ ናት። ሁለቱም ለጋ ሳሉ ቤት ቀብቶ ሲመለስ የሚሳፈረው በእሷ አውቶቡስ ነበር፤ ሱሪው የስድስት ቤት ቀለም ተረጭቶበት ነብር መስሎ። እሱ ደግሞ ስታዝዝ አይቶ አለቃ አላት። ስም ተለዋውጠው ተጋቡ ቢባል ይቀላል። ከዚያ ወዲህ ያለው አርባ አንድ ዓመት ግን በሦስት ዓመት ውስጥ ከጭንቅላቷ እንደ አሮጌ ልስን እየተቀረፈ ወድቋል። የአንድ ልጇን ስም አታውቀውም። እህቷ መሞቷን አታውቅም፤ በነገሯት ቁጥር አዲስ መርዶ ስለሚሆንባት መንገሩን ትተውታል። ምሳ መብላቷን ሳህኑ ሳይነሣ ትረሳለች። ዥንጉርጉርን ግን ታውቃለች። ቀቢው በዚህ በአንዱ ነገር ይኮራ ነበር። ለሰው አይናገረው እንጂ፣ ጠዋት ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ ያ ስም ከአፏ እስኪወጣ ድረስ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል።

ቁልፍ ያልሞከረ እንዳይመስላችሁ። ከዚያ በፊት ጓጉንቸር ሰቅሎ ወጥቶ ያውቃል። እሷ በሩን እጇ እስኪላጥ ደበደበች፤ «አሰሩኝ፣ የሰው ያለህ» አለች። አንዲት መንገደኛ ሴት አንጀቷ አልችል ብሎ፣ ከደጃፉ ትይዩ ከሚሠራው ጫማ ሰፊ መዶሻ ተውሳ ጓጉንቸሩን ሰበረችላት። ቀቢው ሚስቱን ከመንገድ መልሶ ጫማ ሰፊውን ሊቆጣ ሄደ። እንዴት መዶሻ ታውሳለህ ቢለው፣ እትዬ ሲያለቅሱ ስሰማ ክፉ ሰው ያሰራቸው መሰለኝ አለ። ትንሽ አሰበና ደግሞ፣ «ያሰሯቸው ግን እርስዎ ነዎት፣ አይደል ጋሼ?» ብሎ ጨመረ። ጠባቂ ሴትም ተቀጥራ ነበር። አለቃ በሁለተኛው ቀን ሥራ አታውቂም ብላ አባረረቻት፤ ሴትዮዋም የምር ተባራ ቀረች።

ልጃቸው ነርስ ናት። ከሜዳው በተመለሱ ዕለት የእናቷን እግር አጥባ፣ አሽጋ፣ አባቷን ወደ ጓዳ ጠራችው። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለው ነበር።

«አባዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ» አለችው። «አንድ ጊዜ ደግማ ከወጣች የአረጋውያን መጦሪያው ትገባለች። ቅጹን ሞልቼ ጨርሻለሁ።»

እኔስ ቢላት፣ የሴቶች ቤት ነው፣ እሑድ እሑድ ትጠይቃታለህ አለችው። ክፉ ልጅ ሆና አይደለም። መኪና የገጨው ሰው ሆስፒታል ሲመጣ የምትቀበለው እሷ ናት፤ አንድ ቀን አንሶላውን ገልጣ እናቷን እንዳታገኝ ፈርታ ነው። አባቷ ይህን ያውቃል። ማወቁ ግን አልጠቀመውም፤ በሳምንት አንዴ ብቻ የሚታይ ሰው ስሙ በስንተኛው እሑድ እንደሚጠፋ በልቡ እያሰላ ነበር።

መላው የመጣው ከሥራው ነው። ሰባ አንድ ዓመቱ ቢሆንም አሁንም ግማሽ ቀን ይሠራል። የደንበኛ ወለል እንዳይበላሽ የሚያነጥፈውን ጥቁር ላስቲክ አጥቦ ኮሪደሩ ላይ እንደዘረጋው አለቃ ውሃ ልትጠጣ መጣች። የላስቲኩ ጠርዝ ላይ ስትደርስ ቆመች። የእግሯን ጣት ዘረጋ አደረገችና እሳት እንደነካው ሰብስባ፣ ግድግዳውን ይዛ ወደ ኋላ ተመለሰች። ውሃውንም ሳትጠጣ ቀረች። ቀቢው ላስቲኩንና ሚስቱን እያፈራረቀ ሲያይ ቆየ።

ቤቱ ቀለም ይሸታታል ብሎ ለሁለት ቀን ልጁ ዘንድ አሳደራት። ከዚያ ከበሩ በስተ ውስጥ ያለውን የመግቢያ ሲሚንቶ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገ፣ አጠበ፣ አደረቀ። ከበሩ ሥር ጀምሮ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ ሁለት ረጅም እርምጃ የሚሆነውን ወለል ጥቁር የዘይት ቀለም ደራርቦ ቀባው። ይህ ይበቃ ነበር። ላስቲኩም እኮ ላስቲክ ብቻ ነበር። ነገር ግን ቀቢው በዘመኑ የሲሚንቶ ዓምድ እብነ በረድ አስመስሎ፣ የብረት በር እንጨት አስመስሎ ሲቀባ የኖረ ሰው ነው፤ ጉድጓድ ቅባልኝ ያለው ሰው ግን ገጥሞት አያውቅም። እጁ አላርፍ አለው። ጠርዙን እንደ ተሰበረ ሲሚንቶ ግራጫ አደረገው። በመስኮቱ በኩል ያለውን ጎን አጨለመ፣ ማዶውን አፈካ። ወደ ታች የሚወርድ የድንጋይ ግንብ አወጣና ሦስተኛው ረድፍ ላይ ጥቁሩ ውስጥ አሰጠመው። ሲጨርስ ብሩሹን እንደያዘ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ሥራውን ለማየት አይደለም፤ እንዳይወድቅ ነው።

ስትመለስ ምንጣፍ ጥሎበት አስገባትና ምንጣፉን አነሣው። ከሰዓት በኋላ ቦርሳዋን አንግታ፣ ተራዬ ደረሰ ብላ ወደ በሩ ሄደች። ጠርዙ ላይ ቆመች።

«ዥንጉርጉር፣ ምንድነው ይሄ?»

«ጉድጓድ ነው።»

«ጥልቅ ነው?»

እዚህ ላይ ነገሩን ማለዘብ ይችል ነበር። «በጣም» አላት። «ከገቡበት መውጣት የለም።»

ማን ቆፈረው ብትለው የቧንቧ ሠራተኞች አላት። ቦርሳዋን አውርዳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ እግሯንም ከወለሉ አንሥታ ወንበሩ ላይ ሰበሰበች፤ እንደዚያ ተኮራምታ ዋለች። ቀቢው ያን ቀን ደህና አድርጎ በላ። እንዲያውም ምግቡን እያኘከ ብቻውን ሳቀ።

ያላሰበው አንድ ነገር ቢኖር እሱም የሚወጣው በዚያው በር መሆኑን ነው።

በማግስቱ ለሥራ ሲነሣ ኮቱን ጨምድዳ አልለቅም አለች። ቀለም ነው እንዳይላት የለፋበት ሁሉ ገደል ይገባል። ስለዚህ መንገዱን አውቀዋለሁ አላትና ጣቶቿን አንድ በአንድ ከኮቱ አላቅቆ ጥቁሩን ረገጠ። ዓይኗን ሸፈነች። ምሳ ሰዓት ላይ ሲመለስ ገና ከደጅ ሳለ ድምጿን ሰማ። የጎረነነ ነበር፤ ስትጣራ ነው የዋለችው። በሩን ሲከፍት ጠርዙ ላይ በሆዷ ተኝታ ወደ ታች «ዥንጉርጉር፣ ድምፅህን አሰማኝ» ትላለች።

«እዚህ ነኝ አለቃዬ» አለና መጣ። በጥቁሩ ላይ፣ በሁለት እርምጃ።

ቀና አለች። መጀመሪያ እግሩን አየች፣ ከዚያ ፊቱን፣ ከዚያ እንደገና እግሩን። ቁጭ ብላ ቀሚሷን ወደ ጉልበቷ ሳበች።

«እርስዎ ማን ነዎት?» አለችው።

በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ፣ ተጣልተው ሳይነጋገሩ በከረሙበት ጊዜ እንኳ፣ እርስዎ ብላው አታውቅም። እኔ ነኝ እኮ አላት። ስሙን ነገራት፤ ቅጽል ስሙን። ራሷን ነቀነቀች።

«ዥንጉርጉር እዚያ ውስጥ ነው። ሲገባ አይቼዋለሁ» አለች። «እርስዎ በላዩ ላይ መጡ። ሰው በአየር ላይ አይሄድም።»

ምን ብሎ ይከራከራት? ጉድጓዱን ከተቀበሉላት የቀረው ሁሉ ልክ ነው። ለሃያ ስድስት ዓመት ማን የት እንደወረደ ስትከታተል የኖረች ሴት ናት፤ የወረደ ወርዷል። ያን ቀን ከእጁ ምግብ አልቀበል አለች። ወደ ማምሻው ነገሩ ጠፋባት መሰል በላች፤ በማግስቱ ጠዋትም ያ ስም ከአፏ ወጣ። እሱ ግን መውጣትና መግባት ነበረበት። በእያንዳንዱ መግባት ትንሽ ትንሽ ራቀችው። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ዓይኗን ገለጠች፣ አየችው፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ድረስ ስባ ዝም አለች። እሱም ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ። ምንም አልመጣም።

ያኔ ነው በመስኮት መውጣትና መግባት የጀመረው። የቀለም ቆርቆሮ ደፍቶ በላዩ ይቆማል፣ አንድ እግሩን ያሻግራል፣ ጉልበቱ ሲጮህ ይሰማል፣ ሌላኛውን ይጎትታል። ጫማ ሰፊው ሥራውን ትቶ ያይ ጀመር። የመጀመሪያውን ቀን ጋሼ ቁልፍ ጠፋብዎት እንዴ አለው። በሁለተኛው ቀን፣ በዚህ ዕድሜ ሌብነት ከጀመሩ አይቀር የሰው ቤት ይሻላል ብሎ መከረው። ቀቢው ስድቡን ሁሉ ዋጠ፤ ውስጥ የሚጠብቀው ነገር ስድቡን የሚያስችል ነበርና። መስኮቱ ሥር ቆማ ትቀበለው ነበር። ከየት ወጣህ ትለዋለች፤ ከጉድጓዱ ይላታል። ኮቱን ታራግፍለታለች፣ ፊቱን በመዳፏ ትጠርጋለች፣ ከእጁ ትበላለች። እንዲህ አራት ቀን ኖሩ።

በአምስተኛው ቀን ሲመለስ ጫማ ሰፊው መስኮቱ ሥር ቆሞ፣ አንድ የሴት እግር በሁለት እጁ ይዞ፣ እትዬ በእግዜር ይዤዎታለሁ ይመለሱ እያለ ይለምናል። አለቃ መስኮቱ ላይ እንደ ፈረስ ተፈናጥጣለች። ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ ነው። አራት ቀን ሙሉ አንድ ሰው በዚያ ሲወጣ አይታለች፤ እሷ ምን ያንሳታል? ሁለቱ ወንዶች አንዱ ከውጭ እየገፋ አንዱ በበሩ ገብቶ ከውስጥ እየሳበ መለሷት። ደም እስኪወጣ እጃቸውን እየነከሰች ታገለቻቸው።

«አይ ጋሼ» አለ ጫማ ሰፊው ላቡን እየጠረገ፣ «ያስተማሯቸው እርስዎ ነዎት።» ለልጅቷ እንደማይናገር ግን ሳይጠየቅ ማለ። ሲሄድም መዶሻውን መስኮቱ ላይ ትቶለት ሄደ፤ ምን እንደሚከተል ገብቶታል።

ቀቢው መዶሻውን አነሣ። መንገዱ ሁለት ነው። ወለሉን ቀለም በሚያሟሟው አኳራጅ አጥቦ ሚስቱን ወደ መጦሪያው ቢሸኛት፣ እሑድ እሑድ ዥንጉርጉር እየተባለ ጥቂት ጊዜ ይኖራል። መስኮቱን ከቸነከረው ደግሞ ሴትዮዋ ቤቱ ትቀራለች፣ እሱ ግን በጥቁሩ ላይ መመላለሱ ስለማይቀር ስሙ ይሄዳል። ሴትዮዋን መረጠ። ሰባት ምስማር መታ። እሷ ከኋላው ቆማ እያንዳንዱን ምት በትከሻዋ እየተቀበለች ታይ ነበር።

እሑድ ልጃቸው መጣች። ጥቁሩ ጋ ስትደርስ፣ ቀለም መሆኑን እያወቀች፣ ግድግዳውን ይዛ በእግሯ ጣት ተሻገረች። እናቷ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ከቤት አለመውጣቷን ስትሰማ አባቷን ጉንጩ ላይ ሳመችው። በርትተሃል አለችው፣ እኔ እንኳ አትችልም ብዬ ነበር አለችው። እናቷ በምልክት ወደ ጎን ጠራቻትና ሹክሹክታ መስሏት ቤቱ ሙሉ በሚሰማ ድምፅ ተናገረች።

«ልጄ፣ አንቺ ደግ ሴት ትመስያለሽ። ባሌን የገፋው ይሄ ሰውዬ ነው። ምግብ ያመጣልኛል፣ አልክድም። ግን ሌሊት እዚህ ያድራል።»

ልጅቷ ወደ አባቷ አየች። እሱ ሳህን እያጠበ ነበር፤ የታጠበውን ሳህን እንደገና ማጠብ ጀመረ። ስትወጣ በሩ ጋ፣ አኳራጅ ካለህ እኔ ልጥረገው አለችው። ከጠረግሽው ትወጣለች፣ ከወጣች ትወስጃታለሽ አላት። አልወስዳትም ብትለው ብሎ ጠበቀ። አላለችም፤ ማለት የምትችል ሰው አልነበረችም። እንግዲያው ተይው አለ።

ልጅቷ ጎንበስ ብላ የተቀባውን ድንጋይ በጣቷ ነካችው።

«አባዬ፣ ግን ለምን እንዲህ አሳምረህ ቀባኸው?»

በሩን ከፈተላት።

ቀለም ሲረገጥ ያልቃል። በወሩ መጨረሻ በጥቁሩ መሀል ለመሀል ከበሩ እስከ ኮሪደሩ ግራጫ መንገድ ወጣ፤ የገዛ እግሩ ያወጣው። አለቃ ያንን ግራጫ ማየት ጀምራለች። ሁለት ጊዜ ጣቷን አስቀድማ ስትሞክረው ያዛት። ስለዚህ አንድ ሰኞ ረፋዱ ላይ ጥቁሩን ቀለም በጥብጦ፣ ምርጥ ብሩሹን ይዞ፣ ከውስጥ በኩል ጠርዙ ላይ ተንበረከከ። መጀመሪያ መንገዱን ዘጋ። ከዚያ የግንቡን ድንጋዮች ሊያድስ ጎንበስ አለ። ጀርባውን ለእሷ ሰጥቶ ነበር።

ፈጠን ያለ እርምጃ ሰማ። ሁለት መዳፍ ጀርባው ላይ አረፈ፣ ገፋው። ሰባ ዓመት የሞላት ሴት እንዲህ ያለ ጉልበት ከየት ታመጣለች ያልን እንደሆነ፣ በተጨናነቀ አውቶቡስ ውስጥ ሰው እየገፉ ማለፍ ሥራዋ ነበር። በግንባሩ ሄዶ እርጥቡ ቀለም ላይ ተዘረጋ። አገጩ ሲሚንቶውን መታ፤ አንድ እጁ ከሥሩ ታጥፎ ቀረ፤ ቆርቆሮው ተገልብጦ ጎኑን ቀለም አለበሰው።

«ወራጅ አለ» አለች ከበላዩ፣ ትኬት ቆራጭ ለሾፌር እንደምትናገረው፣ ያለ ክፋት።

ሊነሣ ክንዱን ሲያዘጋጅ ጉልበቷ ወለሉን ሲነካ ሰማ። ጠርዙ ላይ ተንበርክካለች። ድምጿ ከኋላው መጣ፤ ግን ለእሱ አልነበረም፤ እሱን አልፎ ወደ ታች ነበር።

«ዥንጉርጉር። ሰውዬውን ልኬልሃለሁ። አየኸው?»

ቀቢው ቢነሣ ማን እንደሚሆን ያውቃል። እንደገና ከጉድጓድ በላይ በአየር የቆመ ሰው ነው። ከንፈሩ ሲሚንቶው ላይ እንዳለ፣ «አየሁት» አለ።

ሳቀች፤ ዓመት ያልሰማው ሳቅ።

«አልሞትክም እንዴ! እኔ እኮ... በልተሃል?»

«አልበላሁም።»

«ይበርዳል?»

«ይበርዳል።»

«ልመጣ ነበር እኮ። ሰውዬው ከገቡበት መውጣት የለም አለኝ።»

ከዚያ ወሬውን ጀመረች። ሰውዬው ሾርባው ላይ ጨው እንደሚያበዛ ነገረችው። መስኮቱን በምስማር እንደመታው፣ እያንዳንዱ ምስማር እሷን ሲመታት እንደነበር ነገረችው። እንደፈራች ነገረችው፤ ሌሊት ትንፋሹን ስትሰማ እንደማትተኛ፣ የተኛች መስላ እንደምታድር። ዥንጉርጉር ቢኖር ኖሮ ይሄ ሁሉ አይደርስብኝም ነበር አለች። ይህን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ከአፏ ከወጣ ሁለት ዓመት አልፏል። ቀቢው ጉንጩን ጥቁሩ ላይ አስደግፎ፣ የታጠፈው እጁ እየጠዘጠዘው፣ በየመሀሉ እህ ይላል። ስለ ሰውዬው የምትለውን አንዱን እንኳ አላስተባበለም። እንዳትጨርስ ነበር የሚፈራው።

«ገመድ እንዲያመጣልህ እነግረዋለሁ» አለች በመጨረሻ።

«ማን?»

«ሰውዬው ነዋ። ሾርባ ሲያመጣ።»

ገፍታው እንደነበር ከጭንቅላቷ ወጥቷል። ምሳ ሰዓት አለፈ። ራበኝ፣ ሰውዬው ዛሬ ቀረ እያለች ትነጫነጭ ጀመር፤ ግን ከጠርዙ አትነሣም። ባሏን ጥላ ወዴት ትሂድ? ቀቢው ቢችል እስኪመሽ እንደዚያው በተኛ ነበር። ሂጂ ተቀመጪ፣ ይመጣል አላት ከታች። ታዘዘችው። እሱን ትታዘዘዋለች።

ወንበሯ ሲጥ ሲል ሰምቶ ተነሣ። ከጉንጩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አንድ ጎኑ ጥቁር ነበር። ጓዳ ገብቶ ፊቱን በአኳራጅ ጠረገ፤ የተላጠው አገጩ ተቃጠለ። እጁ አብጧል፤ ሾርባውን በግራው አሞቀ፣ በግራው ይዞ ገባ። ጨው አልጨመረበትም።

ስታየው እግሯን ከወለሉ አነሣች።

«ገመድ ይዘዋል?» አለችው።

«ነገ አመጣለሁ።»

ሳህኑን በሁለት ጣት፣ እጁ እጇን እንዳይነካት ተጠንቅቃ፣ ተቀበለችውና ወደ ግድግዳው ዞራ መብላት ጀመረች። ቀቢው ወደ መግቢያው ተመለሰ። እርጥቡ ቀለም ላይ አንድ ሰው በደረቱ ተኝቶ ታትሟል፤ ጭንቅላቱ፣ ትከሻው፣ ከሥሩ የታጠፈ ክንዱ። በልታ ከመጨረሷ በፊት ማለቅ አለበት። ብሩሹን በግራ እጁ ይዞ ከእግሩ ጀመረ።

«ገመዱን እንዳይረሱ» አለች ከውስጥ።

«አልረሳም» አለና በታተመው ትከሻ ላይ ጥቁሩን ደረበ።